በመረብ ውስጥ ያለ ሥፍራ፦ ከቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ እስከ ጎሮ የመረጃ ማዕከላት

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከቦሌ እስከ ጎሮ ባለው አጭር ርቀት ውስጥ፣ አገሪቱን ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኙ ሁለት ዓይነት በሮች ይገኛሉ። አንደኛው ሰውና ዕቃ የሚያልፍበት የቦሌ ዓለም አቀፍ አይሮፕላን ማረፊያ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በጎሮ በኩል በአይ.ሲ.ቲ. ፓርክ ቅጥር ውስጥ የተተከሉት፣ መረጃ የሚከማችባቸውና የሚተላለፍባቸው ማዕከላት ናቸው። የአይሮፕላን ማረፊያው ዕድሜ ከስድሳ ዓመት አልፎአል፤ የመረጃ ማዕከላቱ ግን ገና የጥቂት ዓመታት ልጆች ናቸው። ሆኖም ሁለቱም የሚገዙበት ሕግ አንድ ነው፤ ይኸውም በመረብ ውስጥ የአንድ ሥፍራ ክብደት የሚለካው በራሱ ግዝፈት ሳይሆን ከሌሎች ጋር ባለው ቀጥተኛ ግንኙነት ብዛትና ዓይነት መሆኑ ነው።

ይህን ጉዳይ በአሁኑ ጊዜ ማንሣት ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ኢትዮጵያ ቢትኮይን የተባለውን ክሪፕቶከረንሲ ለሚያመርቱ ኩባንያዎች የኤሌክትሪክ ኃይል መሸጥ ከጀመረች ወዲህ፣ አገሪቱ በዚህ መረብ ውስጥ ከፍ ያለ ሥፍራ እንደያዘች ሲነገር ይሰማል። በመረቡ ላይ ኃይል ማፍሰስና በመረቡ ውስጥ ሥፍራ መያዝ አንድ ነገር ናቸውን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት በቅድሚያ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ አገሪቱ ቀደም ብላ የገባችባቸውን መረቦች ታሪክ መመልከቱ ይጠቅማል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የመጀመሪያውንም የውጭ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። የአዲስ አበባው ማረፊያ ያን ጊዜ በልደታ በኩል ነበር፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ድረስ «አሮጌው ኤርፖርት» እየተባለ ይጠራል። በዚያን ዘመን የአፍሪካ የአየር መስመሮች የተዘረጉት በቅኝ ገዢዎቹ ዋና ከተሞች ልክ ነበር። ከናይሮቢ ተነሥቶ አክራ ለመድረስ የፈለገ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ በለንደን፣ ከዳካር ወደ ምሥራቅ የሚመጣውም በፓሪስ በኩል ይዞር ነበር። ሁለት የአፍሪካ ከተሞች ጎረቤት ይሁኑ እንጂ በመረቡ ላይ እጅግ የተራራቁ ነበሩ።

አየር መንገዱ በ1953 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ምዕራብ አፍሪካ፣ እስከ ሞንሮቪያ ድረስ መብረር ሲጀምር፣ የሠራው ሥራ አንድ መስመር ከመጨመር የበለጠ ነበር። የአህጉሩን ምሥራቅና ምዕራብ በአፍሪካ ምድር ላይ አገናኘ። ከዚህ የተነሣ አዲስ አበባ ከአንድ መስመር ጫፍነት ወደ መሸጋገሪያነት ተለወጠች። የመረብ ሊቃውንት እንደሚሉት የአንድ ቋጠሮ ዋጋ የሚታወቀው በእርሱ በኩል ካላለፉ በቀር ሊገናኙ የማይችሉ ምን ያህል ሥፍራዎች እንዳሉ በመቍጠር ነው። አዲስ አበባ በዚያ ዓመት ይህን ዋጋ በገንዘብ ሳይሆን በመስመር ምርጫ አገኘችው፤ ይህም በአገሪቱ የመገናኛ ታሪክ ውስጥ ከተወሰኑት ውሳኔዎች ሁሉ በብልኀቱ የላቀው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቦሌ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አየር መንገዱ ያዘዛቸው ቦይንግ 720ቢ የተባሉ ጄቶች ለልደታው ሜዳ ስለማይስማሙ፣ በወቅቱ ከከተማው ውጭ በሚገኘው ሜዳማ ሥፍራ አዲስ ማረፊያ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም.ም ጄቶቹ አገልግሎት ጀመሩ። በየካቲት ወር 1965 ዓ.ም. ወደ ሻንጋይ የተከፈተው መስመር ደግሞ፣ ከአፍሪካ አየር መንገዶች መካከል ወደ ቻይና በመብረር ቀዳሚ አደረገው። በዘመኑ የቻይና መንገደኛ ጥቂት ነበር፤ የመስመሩ ዋጋ የታወቀው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ የቻይና ንግድ በአፍሪካ ሲስፋፋ ነው።

የመሸጋገሪያ ሥፍራ ሒሳብ ቀላል ነው። አሥር መስመሮች ያሉት ማረፊያ አሥሩን ከተሞች እርስ በርስ በ45 ጥንዶች ያገናኛል። አሥራ አንደኛው መስመር ሲጨመር የሚገኘው አንድ አዲስ መንገድ ብቻ ሳይሆን አሥር አዲስ ጥንዶች ጭምር ነው። መቶ መስመሮች ላሉት ማረፊያ ግን ያው አንድ መስመር መቶ ጥንዶች ይጨምርለታል። ብዙ ላለው የበለጠ ይጨመርለታል ማለት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዛሬ ከ130 ወደሚበልጡ ዓለም አቀፍ ከተሞች ይበራል። በቦሌ ጎሕ ሳይቀድ ከእስያና ከአውሮፓ የሚገቡት አይሮፕላኖች መንገደኞቻቸውን ረፋዱ ላይ ወደ አፍሪካ ከተሞች ለሚነሡት ያስረክባሉ፤ ማታ ደግሞ ከአፍሪካ የተሰበሰቡት ወደ እስያ፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይነሣሉ። በታኅሣሥ ወር 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ ወደተባለው ኅብረት መግባቱ፣ ራሱ የማይበርባቸውን ከተሞች እንኳ በጎረቤቶቹ መስመሮች በኩል እንዲደርስባቸው አስቻለው። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው የተርሚናል ማስፋፊያ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ተደርጎ ተሠርቶአል።

ቦሌ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ አየሩ ሳስቶ፣ አይሮፕላኖች ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዘው ለመነሣት ይቸገራሉ። ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች በመንገድ ላይ ሲያርፉ ከተመላሾቹ ብዙዎቹ ግን በቀጥታ የሚገቡት ስለዚህ ነው። መግባትና መውጣት እኩል አለመሆናቸውን አንባቢ ልብ ቢል መልካም ነው፤ ወደ ኮምፒዩተሮቹ መረብ ሲደረስ ይኸው ነገር በሌላ መልክ ይመጣልና።

ሰውንና ዕቃን በሚመለከት አገሪቱ ይህን የመሰለ ሥፍራ ስትይዝ፣ መልእክትን በሚመለከት ግን ታሪኩ ሌላ ነው። የስልክ መስመር በአጼ ምኒልክ ዘመን ከሐረር ወደ አዲስ አበባ፣ 477 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘረጋ። በውስጥ ነገሩ ታላቅ እርምጃ ነበር። ወደ ውጭ የሚላክ ቴሌግራም ግን መውጫው ከሁለት የአንዱን ባዕድ ደጅ መርገጥ ነበረበት፤ ወይ ጣሊያኖች ወደ አሥመራ በዘረጉት መስመር፣ ወይ የፈረንሳዮቹን የባቡር ሐዲድ ተከትሎ ወደ ጅቡቲ በሚወርደው። የመልእክቱ ባለቤት አዲስ አበባ ሲሆን የመስመሩ ባለቤት ግን ሌላ ነበር። ከጣሊያን ወረራ ዋዜማ በ1927 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ ክብደት የሚታወቀው ከዚህ አንጻር ነው። ወራሪው የሚቈጣጠረውን ሽቦ ሳይነኩ ከዓለም ጋር መነጋገር የተቻለው በእርሱ ነበርና፤ ንጉሠ ነገሥቱ የአገሪቱን አቤቱታ ለውጭው ሕዝብ ያሰሙትም በዚሁ ጣቢያ በኩል ነው።

የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ አገልግሎቱ ተስፋፋ፤ በ1971 ዓ.ም. የሱሉልታ የሳተላይት ጣቢያ ተሠርቶ የጎረቤትን ደጅ ሳይረግጡ በሰማይ በኩል መገናኘት ተቻለ። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ግን በብዙዎች ዘንድ ተዘንግቶአል። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ፓዲስ በተባለው ክፍል ውስጥ፣ ኢንተርኔት ከመግባቱ በፊት ፊዶኔት የተባለው የኮምፒዩተሮች መረብ ቋጠሮ ነበረ። ፊዶኔት ማዕከላዊ ጌታ የለውም። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር በተራ ስልክ ለጎረቤቱ ደውሎ ያደረውን ደብዳቤ ያስረክባል፤ የጎረቤቱንም ተቀብሎ ያስተላልፋል። አዲስ አበባ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ደብዳቤ የምታሻግር፣ ወደ ለንደንም የምታስተላልፍ ቋጠሮ ሆነች። መረቡ ዘገምተኛ፣ መሣሪያውም ትንሽ ነበር፤ ሥፍራው ግን መሸጋገሪያ ነበር።

በጥር ወር 1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ሲገባ ፍጥነቱ ጨመረ፤ ሥፍራው ግን ተመልሶ የመስመር ጫፍ ሆነ። አንድ ድርጅት፣ አንድ በር። በኋላ በፋይበር መስመር በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል መውጫዎች ተዘርግተዋል፤ ሁሉም ግን እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በአንድ እጅ ውስጥ ነበሩ። አንድ በር ያለው ቤት በአንድ ቍልፍ ይዘጋል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ይህ በግልጽ ታየ። ሳፋሪኮም የሚመራው ኅብረት በ2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ሁለተኛ ድርጅት ተገኘ።

የበሮች ቍጥር ብቻውንም አይበቃም። በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ የተዘረጉ የተለያዩ ኩባንያዎች ገመዶች በአንድ ጊዜ ተበጠሱ። በወረቀት ላይ የተለያዩ መስመሮች ነበሩ፤ ያለፉት ግን በአንድ ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ነበር።

አሁን ወደ ቢትኮይን መምጣት ይቻላል። የዚህ መረብ ንድፍ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም ጥቅምት 21 ቀን 2001 ዓ.ም. ይፋ ሆነ፤ መረቡም ከሁለት ወር በኋላ ሥራ ጀመረ። ባንክ የለውም፤ የገንዘቡ ዝውውር መዝገብ በአንድ ቤት ከመቀመጥ ይልቅ፣ ኖድ በሚባሉ በብዙ ሺሕ ኮምፒዩተሮች ውስጥ በሙሉ ቅጂ ይቀመጣል። በየአሥር ደቂቃው ገደማ ብሎክ የተባለ አንድ የመዝገብ ገጽ ይጨመራል። አዲሱን ገጽ ያገኘ ኖድ ለጎረቤቶቹ ይነግራል፤ እነርሱም ትክክለኛነቱን መርምረው ለጎረቤቶቻቸው ያስተላልፋሉ። ልክ እንደ ፊዶኔት ነው። በሕጉ መሠረት ሁሉም አቻ ናቸው።

በሥፍራ ግን አቻ አይደሉም። የተለመደው ፕሮግራም እያንዳንዱ ኖድ ራሱ ደውሎ በመጀመሪያ ስምንት፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዐሥር ቋሚ ግንኙነቶችን እንዲይዝ ያደርጋል። ከውጭ የሚመጣበትን ጥሪ መቀበል የሚችል ኖድ ግን እስከ 125 ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ የሚመነጨው ከአድራሻ ነው። የራሱ ቋሚ የኢንተርኔት አድራሻና የተከፈተ በር ያለው ኖድ ሌሎች ሊደውሉለት ይችላሉ፤ በአንድ የወል አድራሻ ጀርባ ከብዙ ደንበኞች ጋር የተከማቸው ግን መደወል እንጂ መደወልን አያውቅም፤ ማለትም ማንም አይደውልለትም። እንዲህ ያለው ኖድ መረቡን ይጠቀማል፤ መረቡ ግን በእርሱ በኩል አያልፍም። ቦሌ የመውጣትና የመግባት ጉዳይ እንዳለው ሁሉ እዚህም አለ።

ይህ ልዩነት በጊዜ ሲለካ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2013 ክርስቲያን ዴከርና ሮጀር ዋተንሆፈር የተባሉ የዙሪክ ተመራማሪዎች መረቡን መርምረው፣ አንድ አዲስ ብሎክ ግማሾቹን ኖዶች ለማዳረስ 6.5 ሴኮንድ ያህል እንደሚፈጅ፣ አማካዩ 12.6 ሴኮንድ እንደሆነ፣ ከ40 ሴኮንድ በኋላም ከመቶ አምስቱ ገና ያልሰሙ እንደነበሩ አሳዩ። አሥራ ሁለት ሴኮንድ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን የብሎክ ጊዜ 600 ሴኮንድ ስለሆነ፣ አሥራ ሁለት ሴኮንድ ዘግይቶ የሚሰማ አምራች ከሥራው ሁለት በመቶውን በተጠናቀቀ ገጽ ላይ በከንቱ ያባክናል። ሁለት አምራቾች በአንድ ቅጽበት ገጽ ቢያገኙ ደግሞ፣ የሚጸድቀው ብዙውን ጊዜ ጎረቤቱ የበዛው ሰው ገጽ ነው። ዜናው ቀድሞ ብዙ ቤት ይገባልና። የሌላው ገጽ ይጣላል፤ የፈሰሰበት ኤሌክትሪክም አብሮ ይቀራል። ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ብሎክን አሳጥሮ የማስተላለፍ ዘዴ ሥራ ላይ ስለዋለ ዛሬ ፍጥነቱ ከዚያ እጅግ የተሻለ ነው፤ የሥፍራ ልዩነት ግን ጨርሶ አልጠፋም።

የሥፍራው ጉዳይ ከፍጥነትም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢታን ሃይልማንና ባልደረቦቹ፣ የአንድን ኖድ ግንኙነቶች ሁሉ በራሱ ኮምፒዩተሮች የተካ ባላጋራ ኖዱን ከእውነተኛው መረብ ሊሰውረው እንደሚችል አሳዩ። ስሙንም የግርዶሽ ጥቃት አሉት፤ ለአማርኛ ሰሚ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም። የተጋረደ ኖድ መዝገቡ ትክክል እየመሰለው በሌላ ሰው መዝገብ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ አፖስቶላኪና ባልደረቦቿ ደግሞ የመረቡ ኖዶች 30 በመቶ ያህል በ13 የኢንተርኔት ድርጅቶች ሥር መከማቸታቸውን አመለከቱ። መረቡ በንድፉ ጌታ የሌለው ቢሆንም የሚጓዝባቸው ሽቦዎች ግን ጌታ አላቸው። የቢትኮይን ፕሮግራም ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ፣ ኖዱ የሚደውልላቸውን ጎረቤቶች ከተለያዩ የአድራሻ ቡድኖች እንዲመርጥ አድርገዋል። የቀይ ባሕሩ ትምህርት እዚህ አስቀድሞ የታወቀ ነበር።

በዚህ ዐይን የኢትዮጵያ ጉዳይ ሲታይ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቻይና የቢትኮይን ምርትን ስትከለክል ከመረቡ የስሌት ኃይል ግማሽ ያህሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠፋ፤ መሣሪያዎቹም ርካሽ ኃይል ፍለጋ ተበተኑ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 አምራቾች ጋር የኃይል ሽያጭ ውል ተዋውሎ ነበር፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ቻይናውያን ነበሩ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ ለአገሪቱ ጥቅም አለው። በሌላ በኩል የብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶከረንሲ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቆአል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም በዚያው ዓመት በዘርፉ የተሠማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጠይቆአል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ስላለው፣ ኃይሉ ለማን ይሸጥ የሚለው ጥያቄ ሳይዘጋ ይቆያል።

ነገር ግን በመጋዘን ውስጥ እያጓራ የሚሠራው መሣሪያ ኖድ አይደለም። መዝገቡን አያውቅም፤ ጎረቤትም የለውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኘው ፑል ከተባለ፣ በሌላ አገር ካለ አንድ ሰርቨር ጋር ብቻ ነው። ፑሉ የሚሰላውን ቍጥር ይልክለታል፤ እርሱ አስልቶ መልሱን ይመልሳል። በገጹ ላይ የትኛው ዝውውር ይመዝገብ፣ የትኛውስ ይቈይ የሚለውን የሚወስነው በተለምዶው አሠራር የፑሉ ኖድ ነው፤ የተገኘውን ገጽ ለዓለም የሚያውጀውም እርሱ ነው። ጉልበቱ የኢትዮጵያ ሲሆን ቃሉ የሌላ ነው። ከግድብ የሚወርደው የኃይል ሽቦ የመረቡ መስመር አይደለም። እንዲያውም በመረቡ አቀማመጥ ከታየ፣ ይህ መሣሪያ በአሥመራ በኩል ቴሌግራም ትልክ ከነበረችው አዲስ አበባ ጋር ይመሳሰላል። የቻይናው ታሪክ ደግሞ የስሌት ኃይል በጥቂት ወራት ውስጥ ተነቅሎ ሊሄድ የሚችል ዕቃ መሆኑን አስተምሮአል፤ የኃይል ሻጭ የሚቀርለት የባዶ መጋዘን ማስታወሻ ይሆናል።

በጎሮ ያሉት የመረጃ ማዕከላት ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ዊንጉ፣ ራክሲዮና ሬድፎክስ የተባሉ ኩባንያዎች በአይ.ሲ.ቲ. ፓርኩ ውስጥ የመረጃ ማዕከላት ተክለዋል። እነዚህ ቤቶች የአንድ ቴሌኮም ብቻ እንዳይሆኑ፣ የተለያዩ ድርጅቶች መስመሮች በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲገናኙ ተደርገው የሚሠሩ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር መረብ ይህ ለአየር መንገድ ቦሌ እንደሆነው ነው። ኃይልን በተመለከተ ችግር የለም። አንድ የማይኒንግ መሣሪያ ብቻውን 3,000 ዋት ያህል ሲጨርስ፣ ሙሉ ኖድ ግን ከ600 ጊጋባይት በላይ የሆነውን መዝገብ የሚይዝ ዲስክ ካለው በተራ ኮምፒዩተር፣ ከአንድ አምፖል ብዙም ባልበለጠ ኃይል ይሠራል። ለመረጃ ማዕከሉ መደርደሪያ የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ 8333 በተባለው በር ከውጭ የሚደወልለት ቋሚ አድራሻ፣ አንዱ በጅቡቲ ሌላው በሞያሌ የሚወጡ፣ በሁለት የተለያዩ ድርጅቶች እጅ ያሉ መስመሮች፣ በአስተዳደሩ መዝገብ ላይም «ለመገበያያ ሳይሆን ለመረብ ምርምር» ተብሎ የሚሞላ አንድ ቅጽ።